መኪናው የት ነው የሚያድረው?

በርሚንግሃም፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ለወርቅዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለው? የሳቢያን ሙቀትስ ትንሽ ረገበ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እናቴ ካለፈች ወዲህ እናትም አክስትም አንቺ ነሽና ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ።

ስልክ ላይ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ብጮህም የፋብሪካው ማሽን ጩኸት የወሰደውን ጆሮሽን አላስመልሰውም። ስለዚህ በእጄ ጽፌ ፎቶውን ለፊርዶስ ልኬላታለሁ። እሁድ ከኢንዱስትሪ ፓርክ ስትመጣ ታሳይሻለች፤ ያንቺንም መልስ አንስታ ትልክልኛለች። ጎረቤት እንዲህ ነው፣ አላህ ይስጣት።

አዲሱ ወሬዬ ቤት መቀየሬ ነው። ከአባቴ ዘመድ ከናዲፋ ቤት ወጣሁ። ተጣልተን አይደለም፣ ሐሳብ እንዳይገባሽ። ልጆቿ አድገው ቤቱ ጠበበ፣ እኔም ሶፋ ላይ ማደር ሰለቸኝ። የእሷ ከተማ ገጠር ቢጤ ነው፣ ከሥራዬም ይርቃል። አሁን በርሚንግሃም ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ አቅም ያነሳቸውን ሽማግሌዎች ቤት ለቤት እየዞርኩ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒት አውጣለሁ። የመጀመሪያዋ ሴትዮ ቤት የምደርሰው አውቶቡስ ሳይጀምር ነው። መኪና ከሌለኝ ሥራው የለም። ሥራው ከሌለ መኖሪያ ፈቃዱም የለም፤ እዚህ አገር ያቆመኝ የአሠሪዬ ወረቀት ነው።

እዚህ ደግሞ መኪና ያለ ኢንሹራንስ ከበር አይወጣም። ገና ሳልገባ «ቤት ልቀይር እያሰብኩ ነው» ብዬ ኢንሹራንሱ ጋ ደወልኩ። ሴትዮዋ «መኪናው የት ነው የሚያድረው?» አለችኝ። ደጃፍ ላይ አልኳት። የሰፈሩን የፖስታ ቁጥር ነገርኳት፣ ኮምፒውተሯን ነካካች፣ የምከፍለውን በግማሽ ከፍ አድርጋ ነገረችኝ። «መኪናው ያው፣ ነጂው ያው፣ ምን ተቀየረ?» ብላት፣ «ሰፈሩ» አለች። እዚያ ሰፈር መኪና ይሰረቃል አሉ፣ ይጋጫል አሉ። እኔ ምን በወጣኝ! ልተወውና ወደ ሌላ ድርጅት ልሂድ ስላት ደግሞ ለመውጫም መቀጫ አለው አለችኝ። «አስቤበት እደውላለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ይኸው እያሰብኩ ነው።

ልጅሽ ፈሃድ


ድሬዳዋ፣ ሳቢያን፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈሃድ ሳላሀዲን፤

የኔ የቁልቢው ገብርኤል ከፊትህ፣ የአባትህ ዱዓ ከኋላህ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን አትጠይቀኝ፣ እሱ የራሱ ፀባይ አለው።

አቦ፣ ምን ዓይነት ጉድ ነው የጻፍክልኝ? ፊርዶስን «ኢንሹራንስ ማለት ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። ብዙ ሰው በየወሩ ያዋጣል፣ አንዱ ላይ መከራ ሲወርድ ከተዋጣው ይሰጠዋል አለችኝ። እንዴ! ታዲያ ይሄ አፎቻ አይደል? እድር አይደል? ፈረንጅ ስም ስላወጣለት ነው የሚያስፈራራህ? እናትህ ያረፈች ጊዜ አባትህ በአፎቻው፣ እኔ በእድሩ፣ ሁለቱም ወጥተው አይደል የቀበሯት? የዚያን ቀን «ሬሳው የት ነው የሚያድረው» ብሎ ዋጋ የጨመረብን ነበር?

እኔ ከደቻቱ ወንዝ ዳር ጎርፉን ሸሽቼ ሳቢያን ስገባ እድሬ ምን ጨመረብኝ? የጨመረብኝ የባጃጅ ሒሳብ ብቻ ነው። አባል ሰፈር ሲቀይር «አይዞህ» ይባላል እንጂ አይቀጣም።

ስለዚህ ስማኝ። ዳኛ የሌለው አፎቻ የለም። የእናንተንም ዳኛ ፈልገውና ሽማግሌ ላክበት። ቀርቦ ያስረዳ ሰው መቼም አይወድቅም። አንተ ግን ከልጅነትህ ጀምሮ ነገርህን ዋጥ ታደርጋለህ፣ ከዚያ ሆዴን ቁርጠት ያዘኝ ትላለህ። የድርጅቱንም ወረቀት አንስተህ ላክልኝ፤ ዓይኔ ሳያይ አላምንም።

አደራህን ግን እንዳትዋሽ። ያደርክበትን ቤት አላደርኩበትም ማለት ነውር ነው።

አክስትህ ወርቅዬ


በርሚንግሃም፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ፤

ሰላምሽ ይብዛ፣ እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤሽን መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ሬሳው የት ያድራል! አንቺ እኮ አትቻይም።

ወርቅዬ፣ የዚህ አፎቻ ዳኛ ስልክ ነው። «ለዚህ አንድን ይጫኑ፣ ለዚያ ሁለትን ይጫኑ» ይልሻል። ስትጫኚ ሙዚቃ ይከፍትልሻል። ሰው ሲመጣም ሰውየው አያዝንም፤ ኮምፒውተሩ ያለውን ነው የሚያነብልሽ። ሽማግሌ የሚቀመጥበት ወንበር የላቸውም።

ዙሪያውን አየሁት። እውነቱን ብናገር ጭማሪውን አልችለውም፣ የቤት ኪራዩ አለ። ብወጣ መቀጫው አለ፣ ሌላውም ድርጅት ለዚሁ ሰፈር የሚጠራው ያው ነው። መኪናውን ብሸጥ ሥራዬ አለቀ። ስለዚህ ዝም አልኩ። ወረቀቱ ላይ መኪናው እስከዛሬ ናዲፋ ደጃፍ ነው የሚያድረው።

እንደምትቆጪኝ አውቃለሁ። እኔም ደስ ብሎኝ አይደለም። ፖሊስ ባለፈ ቁጥር እጄን ያልበኛል። እግዜር አይበለውና ሰው ብነካ፣ ድርጅቱ አጣርቶ «አንተ እዚያ አትኖርም» ያለኝ ቀን አለቀልኝ። ግን የዚህ አገር ክረምት፣ ብርዱ ይለፍ፣ ከዚያ አስተካክለዋለሁ።

ወረቀቱን እንዳልዋሸሁሽ እንድታይ ልኬልሻለሁ። ይህን የምታውቁት አንቺና ፊርዶስ ብቻ ናችሁ። በእናቴ ይዤሻለሁ፣ ለማንም እንዳትናገሪ።

ፈሃድ


ድሬዳዋ፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈሃድ፤

እንደምን ከርመሃል? ብርዱ አይንካህ፣ ጠላትህም አይይህ። እኔ ከገና ወዲህ እንዲህ ደልቶኝ አያውቅም፤ ለምን እንደሆነ አሁን እነግርሃለሁ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ዕለት እውነቱን ልንገርህ፣ አልቅሻለሁ። ፖሊስ ባለፈ ቁጥር እጄን ያልበኛል ያልከው አንጀቴን በላው። አንተን ሰው እንዳትፈራ አድርጌ ነው ያሳደግሁህ። ያን ሰሞን ጎረቤቱ ሁሉ ወርቅዬ ምን ነካት ይል ነበር።

ለማንም አትናገሪ ያልከኝን ጠብቄያለሁ። ለእድሩና ለአፎቻው ብቻ ነው የነገርኩት፤ እነሱ ደግሞ ማንም አይደሉም፣ ቤተሰብ ናቸው። ጋሽ በቀለ የእድሩ ዳኛ፣ ሐጂ ዋሪስ ከአባትህ አፎቻ፣ እኔ ቤት ተቀምጠው ነገሩን ከላይ እስከ ታች መከሩበት። «ልጁ ሽማግሌ የለኝም ካለ እኛ ምንድን ነን?» አለ ሐጂ ዋሪስ። ጋሽ በቀለም «ሽማግሌ የሚቀመጥበት ወንበር ከሌላቸው በደብዳቤ ቆመን እንለምናለን» አለ። እኔ ተናገርኩ፣ መምህር ጉሌድ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። «እናንተ» እንዲላቸው አደራ ብለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? እንግሊዝኛ እንደ ድሬ ሰው ነው፣ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ነው የሚለው አለኝ! በሳቅ ሞትን።

አማርኛውን ይኸው ገልብጬልሃለሁ፦

«ለተከበራችሁ የመኪና መድን ድርጅት ዳኞች። ልጃችን ፈሃድ ሳላሀዲን ታማኝ አባላችሁ ነው። ከዘመዱ ከናዲፋ ቤት ከወጣ ወራት አልፈዋል። መኪናው አሁን የሚያድረው በርሚንግሃም እሱ በተከራየው ቤት ደጃፍ ነው። ይህን ያልነገራችሁ ጭማሪው አስፈርቶት እንጂ አታላይ ሆኖ አይደለም። ሰው ቤት ስለቀየረ አይቀጣም። እኛ ሁለታችንም ማኅበሮች ስለ ፀባዩ ዋስ ነን። ጥፋቱን ይቅር ብላችሁ በድሮው ሒሳብ እንድታኖሩልን በትሕትና እንለምናለን።»

የእድሩም የአፎቻውም ማኅተም አርፎበታል። ሁለት ማኅተም! ማዘጋጃ ቤትም ቢሆን እንዲህ ያለ ወረቀት አይመልስም። አንተ በላክኸው ወረቀት ላይ ባለው አድራሻ በአደራ ደብዳቤ ልከነዋል። ከእንግዲህ አንገትህን ቀና አድርገህ ንዳ።

የምትወድህ አክስትህ ወርቅዬ


በርሚንግሃም፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፊርዶስ፣ ይህን አሁኑኑ ለወርቅዬ አሳዪያት፤ እሁድን አትጠብቂ።

አክስቴ፣ ደብዳቤው ወጥቷል? ካልወጣ ነገ ማለዳ ፖስታ ቤት ሂጂና አስቁሚው። ጋሽ በቀለም ይሂድ፣ ሐጂ ዋሪስም ይሂድ። ለምኗቸው፣ ተጣሏቸው፣ ብቻ አስቁሙት። ወላሂ፣ ምን አደረግሽኝ! ምን አደረግሽኝ፣ ወርቅዬ!

ፈሃድ


ድሬዳዋ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፈሃድ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ፊርዶስ ትርፍ ሰዓት ገብታ፣ ስልኳም ተበላሽቶ የጻፍከውን ያየሁት ገና በዚህ ሳምንት ነው። ባየሁት ጊዜ ነጠላዬን እንኳ ሳልለብስ ጋሽ በቀለ ዘንድ ሮጥኩ። ደብዳቤው ግን ያኔውኑ ወደ አዲስ አበባ አልፏል፣ ከዚያም በአውሮፕላን ወጥቷል፤ ፖስታ ቤት ያለው ልጅ በመዝገቡ አሳይቶናል። የሄደ አይመለስም አለን።

እስቲ ንገረኝ፣ እኔ ምን አደረግሁህ? ለመንኩልህ እንጂ ሰደብኩህ? በስምህ ማኅተም ለምኜ፣ ሰው ሰብስቤ፣ የሰው ፊት አይቼ የጻፍኩት እኮ ነው። «ምን አደረግሽኝ» የሚለውን ቃልህን ካነበብኩ ወዲህ እህል አይወርድልኝም። ሐጂ ዋሪስ ጆሮው ላይ ቢደርስ ምን ይላል ብዬ ከጋሽ በቀለ በቀር ለሰውም አልነገርኩ።

ፈሃዴ፣ ያጠፋሁት ካለ ንገረኝ። ብትችል ግን ደህና ነው በለኝ። አሮጊት ነኝ፣ ይህን ተሸክሜ መተኛት አልችልም። ደህና ነው ብለህ አንዲት መስመር ጻፍልኝ፣ ሌላ አልለምንህም።

ወርቅዬ


በርሚንግሃም፣ መጋቢት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.
(ይህ ደብዳቤ አልተላከም)

አክስቴ፤

እውነቱን ልጽፍልሽ ነው፣ ከዚያ እንደምቀደው አውቃለሁ።

ደብዳቤያችሁ ደርሷል። ጭንቅላቴ ላይ ወረደብኝ። ድርጅቱ ደወለልኝ፤ ሰውየው ትሑት ነው፣ «ከአፍሪካ ሁለት ማኅተም ያለበት ወረቀት መጥቶልናል» አለኝ። «የተጻፈው እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበል? እናንተን ውሸታሞች ናቸው ልበል? ጋሽ በቀለን፣ ሐጂ ዋሪስን? እውነት ነው አልኩት። ውሉን ሰረዙት። አድራሻ ደብቋል ብለው ሰረዙት። አሁን ሌላ ድርጅት ጋ ስሄድ የመጀመሪያው ጥያቄ «ተሰርዞብህ ያውቃል?» የሚል ነው። አዎ ስል የሚጠሩልኝ ዋጋ ከመኪናው ዋጋ አይተናነስም። መኪናው ደጃፍ ቆሟል። አሁን በእርግጥም እዚሁ ነው የሚያድረው፣ የሚውለውም እዚሁ ነው።

አሠሪዬ አያውቅም። ውሉ ላይ «ኢንሹራንስ ያለው መኪና» ይላል። ካወቁ ያባርሩኛል፤ ካባረሩኝ ፈቃዴ ያልቃል፤ ፈቃዴ ካለቀ አገሬ መግባት ነው፣ ያውም ባዶ እጄን። ማርያን የምትባል የሥራ ጓደኛዬ መንገዷ ሲሆን በመኪናዋ ታደርሰኛለች። የቀረውን በእግሬ ነው፣ በጨለማ፣ በዝናብ እሮጣለሁ። ጾም ይዤ ነው የምሮጠው። የመጀመሪያዋ ሴትዮ «ዘገየህ» ትለኛለች፣ «መንገዱ ተዘጋግቶ ነው» እላታለሁ። ውሸት ላይ ውሸት እየደረትኩ ነው። ኃላፊው «የመኪናህን ወረቀት አምጣ» ባለኝ ቁጥር «ቤት ረስቼው ነው» እላለሁ። ስንት ጊዜ ይረሳል?

ተናድጄብሻለሁ። በጣም ተናድጄብሻለሁ። ደግሞ እዚህ አገር ስኖር ስለኔ ማኅተም የመታ ሰው ከእናንተ በቀር የለም። ይህን ብጽፍልሽ ትሞቺብኛለሽ። እንዴት ነው እንደዚህ ያለ ነገር ላይ ሰው የሚናደደው?


በርሚንግሃም፣ መጋቢት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለወርቅዬ፤

ጤና ይስጥልኝ። ስለዘገየሁ ይቅርታ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ያን ቀን ደንግጬ ክፉ ቃል ተናገርኩሽ፣ እርሺው።

ነገሩ ደህና ነው። ደብዳቤያችሁ ደርሷቸዋል፣ ገርሟቸዋልም። ማኅተሙን አይተው ደወሉልኝ፣ በትሕትና አነጋገሩኝ። በአድራሻ በኩል የምደብቀው ነገር የለም አሁን። ጋሽ በቀለንና ሐጂ ዋሪስን አመስግኚልኝ። አንቺም እህል ብዪ፣ ተኚ።

ልጅሽ ፈሃድ


ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን ለፈሃድ ሳላሀዲን፤

እንኳን ከጾም ወደ ፍስክ በሰላም አሸጋገረን! ያንተም ዒድ እንኳን አለፈልህ። የኔ ጌታ፣ ገብርኤል በክንፉ ይሸፍንህ፤ ሐጂ ዋሪስ ደግሞ ዱዓ አድርጎልሃል፣ በሁለቱም በኩል ተይዘሃል።

ደብዳቤህን ባነበብኩ ጊዜ እልል ብዬ ፊርዶስን አስደነገጥኳት። ደህና ነው! አላልኩህም? ፈረንጅም ሰው ነው፣ ቀርቦ ላስረዳው ያዝናል። «ኮምፒውተር አያዝንም» ስትለኝ የነበርከው አንተ! አቦ፣ አንተና ጭንቀትህ። ወሬው ሳቢያንን ዞሮ መልካ ጀብዱ ደርሷል። አንድ የማላውቀው ሹፌር «እናቴ፣ ለኔም ጻፊልኝ፣ ትራፊክ መንጃ ፈቃዴን ይዞብኛል» ብሎ መጣ። ጋሽ በቀለ ኮራ ብሎ ነው አሁን የሚሄደው፤ በፋሲካው ድግስ ላይ ደብዳቤውን በቃሉ ወጣው።

እኔን ግን ከሁሉ ደስ ያለኝ፣ መደበቅህ መቅረቱ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ነው አሁን የምተኛው። እውነት ተናግሮ የተጎዳ የለም፣ ልጄ። ከእንግዲህም ከኔ አትደብቅ።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር አድርገናል፣ እንዳትቆጣ። ሥራ በዝቶብኛል ስትል አንጀቴ ተላወሰ። ከወጣህ ጀምሮ አንድ ቀን አልመጣህም። ዓይኔ እያለ ልይህ። ስለዚህ ለአሠሪዎችህ ረፍት እንዲሰጡህ ጻፍንላቸው። አድራሻውን ከየት አመጣችሁት አትበል፤ የሥራ ልብስህን ለብሰህ በላክኸው ፎቶ ላይ ደረትህ ላይ ስማቸው ተጽፏል፣ መምህር ጉሌድ በስልኩ ፈልጎ አገኘው። ጥሩ አድርገን ነው የጻፍነው፣ አሞግሰንሃል። መጨረሻው ላይ ሐጂ ዋሪስ «እንዳይጠረጥሩት ስለ መኪናውም አንድ ነገር እናክልበት» አለ። እንዲህ አልን፦ «ልጃችን ኢንሹራንሱን በሰው አድራሻ ያደረገበት ነገር በእኛ ሽምግልና በይቅርታ አልቋልና ስለ መኪናው አትስጉ። ካላመናችሁን ድርጅቱን ራሱን ደውላችሁ ጠይቁት።»

ሁለቱም ማኅተም አለበት። የላክነው ከፋሲካ በፊት ነው፤ ይህ ሲደርስህ እነሱም ዘንድ ደርሷል። መልሳቸውን አልጠራጠርም፤ ክረምቱ ሳይገባ ድሬ ትመጣለህ፣ ልቤ ነግሮኛል። ለአንተ የሚሆነውን ክፍል ቀለም እያስቀባሁ ነው።

የምትናፍቅህ አክስትህ ወርቅዬ